የ«ተስማሚ ስልኮች» ዝርዝር ያላሰፈረው ጥያቄ

የደም ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎችን የሚያመርቱ ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ሰነድ ያወጣሉ። ሰነዱ ከመሣሪያው ጋር የሚሠራውን የስልክ ዓይነት፣ የሞዴሉን ስምና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ቁጥር በረድፍ ይዘረዝራል። ዴክስኮምም ሆነ አቦት ይህን ዝርዝር በየጊዜው ያድሱታል። ዝርዝሩ የተጻፈው ለገዢ እንጂ ለሕክምና ባለሙያ አይደለም። ይሁን እንጂ ወደ ስኳር ክሊኒክ የሚመጣ ሕመምተኛ፣ በተለይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ሴንሰር የተላከለት፣ «የትኛውን ስልክ ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቀው ሐኪሙን ወይም ነርሷን ነው። ባለሙያውም ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚፈልገው ከዚያው ዝርዝር ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ማንኛውም ለሕክምና ውሳኔ እንደሚውል ሰነድ አንብቦ መመዘን ተገቢ ይመስለናል። ሲመዘን የሚገኘው ጉድለት አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው። ዝርዝሩ መተግበሪያው በስልኩ ላይ ይከፈት እንደሆነ ይነግረናል፤ ሌሊት ስኳር ሲወርድ ስልኩ ባለቤቱን ይቀሰቅሰው እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ጉዳዩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። አቦት እ.ኤ.አ. በ2014 በአውሮፓ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፍሪስታይል ሊብሬ ምንም የማስጠንቀቂያ ድምፅ አልነበረውም። ሕመምተኛው ማንበቢያውን፣ ኋላም ስልኩን፣ ክንዱ ላይ ወደተለጠፈው ሴንሰር ሲያስጠጋ ቁጥሩ ይታያል፤ ካላስጠጋ ምንም የለም። ሴንሰሩ የሚይዘው የ8 ሰዓት መረጃ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ከዘገየ የቀደመው ይጠፋል። በዚያ አሠራር ስልክ የማያ መስኮት ነበር፤ ቢበላሽ ሕመምተኛው ወዲያው ያውቃል። ዴክስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጂ5 ግን ንባቡን በብሉቱዝ በቀጥታ ወደ ስልክ መላክ ጀመረ። ጂ6ና ጂ7፣ ሊብሬ 2ና ሊብሬ 3 ተከተሉ። በዚህም ስልኩ የሚታይበት መስኮት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ አካል ሆነ። የማይከፈት መተግበሪያ ጉድለቱን ራሱ ያጋልጣል። የማይጮኽ ማስጠንቀቂያ ግን ስኳሩ ልከኛ ሆኖ ካደረበት ጸጥተኛ ሌሊት በምንም አይለይም።

ይህ ሥጋት በግምት ላይ የቆመ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ባወጣው የደኅንነት ማሳሰቢያ፣ ተጠቃሚዎች በትክክል አስተካክለነዋል ያሉት ማስጠንቀቂያ ሳይደርሳቸው ወይም ሳይሰማቸው እንደቀረ የሚገልጹ ሪፖርቶች እንደደረሱት አስታውቋል። ያልተሰማው ማስጠንቀቂያ ለከባድ የስኳር መውረድና መጨመር፣ ለኪቶአሲዶሲስ፣ ለሞትም ጭምር አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን እንደሚችል ጠቅሷል። የተጠቀሱት ምክንያቶች ለባለሙያ ጆሮ ተራ ነገሮች ናቸው፦ ከስልኩ ጋር የተገናኘ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ወይም የመኪና ድምፅ ማጉያ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተም መታደስ፣ የስልኩን ድምፅ ዝም የሚያሰኝ ምርጫ፣ ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተን መተግበሪያ ስልኩ ራሱ ማስተኛቱ። አንዳቸውም ከስልኩ ሞዴል ስም የሚነበቡ አይደሉም። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገኝ ስልክም በእነዚህ ሁሉ ሊሰናከል ይችላል።

ማሳሰቢያው ጠቃሚ ቢሆንም እርሱም ከሂስ አያመልጥም። ሸክሙን ከሞላ ጎደል በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ያኖረዋል፦ አንተ አስተካክል፣ አንተ በየወሩ ፈትሽ ይላል። የስልኩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በራሱ እንዳይታደስ ማድረግንም ይመክራል። ምክሩ አምራቹ አዲሱን እትም እስኪያረጋግጥ መጠበቅ ማለት ስለሆነ ምክንያታዊ ነው። በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው የዳታ ወጪ እየከበደው ስልኩን ለዓመታት ሳያድስ ይኖራል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ አደጋው የሚመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ መተግበሪያው እየታደሰ ሲሄድ ስልኩ ከኋላ ይቀራል። አይፎን 7ን እንውሰድ። ከአይፎኖች መካከል እንደ ሊብሬ ያለውን ሴንሰር በማስጠጋት ለማንበብ የሚያስችለው የኤን.ኤፍ.ሲ ንባብ የተጀመረው በእርሱ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ትቶት አልፏል። ባትሪው የደከመ ያገለገለ ስልክ በርካሽ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የትናንቱን ተስማሚነት ሊሆን ይችላል።

ወደ አንድሮይድ ስልኮች ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው አንድሮይድ 6 ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ መተግበሪያዎችን የሚያስተኛ የባትሪ ቁጠባ ገባ። ብዙ አምራቾች ደግሞ በዚያ ላይ የራሳቸውን የጠነከረ ቁጠባ ይጨምራሉ። «ባትሪው ሦስት ቀን ይቆያል» ተብሎ የሚወደሰው ስልክ ብርታቱን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከትልቅ ባትሪ ከሆነ መልካም ነው፤ ሌሊት ከበስተጀርባ የሚሠራውን ሁሉ በመዝጋት ከሆነ ግን የሚዘጋው የስኳር መተግበሪያውንም ነው። እንግዲህ ሻጩን ስለ ካሜራ ከመጠየቅ በፊት፣ አንድን መተግበሪያ ለይቶ ከቁጠባው ነጻ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ማየት ይበጃል። በአይፎን በኩል አፕል እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ድምፁ የጠፋን ስልክ እንኳ አልፎ የሚጮኽ የአስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ፈቃድ አለው። ሆኖም ፈቃዱን ሕመምተኛው ራሱ መስጠት አለበት፤ መተግበሪያው ሲጫን በችኮላ «አልፈቅድም» ያለ ሰው ይህን ጥቅም አጥቷል፤ ማጣቱንም ላያስታውስ ይችላል።

ዝርዝሩ ሳይናገር የሚያልፋቸው ሌሎች ነገሮችም በእኛ ገበያ ይገናኙናል። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ ስልኮች ኤን.ኤፍ.ሲ የላቸውም፤ አንዱ ሞዴል በአንድ አገር ኤን.ኤፍ.ሲ ኖሮት ለሌላ አገር የተሠራው ላይኖረው ስለሚችል የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የወጡ አብዛኞቹ አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች የጉግል አገልግሎት ስለሌላቸው፣ በዚያ አገልግሎት ላይ የተመሠረተ መተግበሪያ ይቸገርባቸዋል። ሶፍትዌሩ በጥገና ቤት የተነካካ ስልክም በአንዳንድ መተግበሪያዎች ለደኅንነት ሲባል ይከለከላል። የምርቱ ስም ተመሳስሎ የተሠራ ስልክ ደግሞ የሚነበበው ስም እውነተኛ ቢመስልም ውስጡ ሌላ ነው።

ሴንሰሩ ከዘመድ በስጦታ ሲመጣ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመራሉ። ሴንሰሩ የተገዛበት አገርና መተግበሪያው የተመዘገበበት አገር ካልተጣጣሙ ሴንሰሩ ሥራውን ላይጀምር ይችላል። ስለዚህ ከዋሽንግተን፣ ከለንደን ወይም ከዱባይ የሚልከው ዘመድ ከመግዛቱ በፊት እዚህ ያለውን ስልክና መተግበሪያ ቢጠይቅ ገንዘቡ አይባክንም። ሁለተኛው የመለኪያው አሃድ ነው። አሜሪካ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ እንግሊዝ በሚሊሞል በሊትር ይጽፋሉ። አንደኛውን ወደ ሌላኛው ለመለወጥ በ18 ማባዛት ወይም ማካፈል ነው፤ 70 ማለት 3.9፣ 180 ማለት 10 ነው። በስልክ ደውሎ «15 ነው የሚለው» የሚል አስታማሚ የገጠመው ተረኛ ነርስ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው። 15 ሚሊሞል 270 ሚሊግራም ነውና።

ከሁሉም በላይ ዝርዝሩ አንድ ሰው አንድ ስልክ አለው፣ ስልኩም ከእርሱ አይለይም ብሎ ያስባል። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለባትን የ9 ዓመት ተማሪ እንውሰድ። ስልኩ የእናቷ ነው፤ እናቷ ደግሞ ሥራ ቦታ ናት። የጂ6 ብሉቱዝ የሚደርሰው እስከ 6 ሜትር፣ የጂ7 እስከ 10 ሜትር ድረስ ነው። ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትውል የእናት ስልክ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ዝም ይላል። ለልጅቱ ሌላ ስልክ ተገዝቶ የእናቲቱ ስልክ ከሩቅ እንዲከታተል ቢደረግ ደግሞ በመካከል ኢንተርኔትና የኩባንያው ኮምፒውተር ይገባሉ። ይህ የክትትል አገልግሎት እንደማይቋረጥ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 መጨረሻ የዴክስኮም የክትትል አገልግሎት ተቋርጦ የሩቅ ወላጆች ስልክ ጸጥ ብሎ ነበር። የባለ ሴንሰሩ ስልክ ግን ንባቡን ያለ ኢንተርኔት መቀበሉን ይቀጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደወል መሰማት ያለበት ልጅቱ አጠገብ ባለ አዋቂ ጆሮ ነው፤ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ከስልኩ ሞዴል በፊት ሊታሰብ ይገባዋል።

በዚህ ምክንያት ኩባንያዎቹ በስልክ ወሬ መካከል በለሆሳስ የሚጠቅሱት የተለየ ማንበቢያ ከሚገባው በታች ተመዝኗል የሚል እምነት አለን። ማንበቢያው ጥሪ አይቀበልም፣ ሙዚቃ አያጫውትም፣ ሕጻናት አይጫወቱበትም። ሌሊት ስኳራቸው ሲወርድ ምልክቱ ለማይሰማቸው፣ ለአረጋውያንና ስልክ ለሚጋሩ ቤተሰቦች፣ ዘመድ ለስልክ ከሚያወጣው ገንዘብ ማንበቢያውን ቢልክ ይሻላል። ሊብሬ 2 ላይ ማስጠንቀቂያውን የሚሰጠው ሴንሰሩን ያስጀመረው መሣሪያ ብቻ ስለሆነ በማንበቢያው መጀመሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ለማይወስድና በክኒን ብቻ ለሚታከም አብዛኛው ሕመምተኛችን ደግሞ ይህ ሁሉ ወጪ አስፈላጊ አይመስለንም። የጣት ደም መለኪያ፣ የማይቋረጥ የስትሪፕ አቅርቦትና የሚጻፍበት ደብተር ይበቁታል።

ስልክ የግድ የሚሆንለት ሰው ሲገኝ ግን ከዝርዝሩ ይልቅ ፈተናው ይታመን። ሴንሰሩ ከተለጠፈና ከምግብ በኋላ ንባቡ ከ120 በላይ ሲሆን የከፍተኛ ስኳር ማስጠንቀቂያውን ወሰን ወደ 120 ማውረድ ይቻላል። ስልኩን ቆልፎ፣ ድምፁን ሕመምተኛው በየሌሊቱ እንደሚያደርገው አድርጎ፣ ማታ በሚያድርበት ቦታ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። ካልጮኸ የፈቃድና የባትሪ ቁጠባ ማስተካከያዎቹ እንደገና ይታዩ። ከጮኸም ስልኩ ለሰዓታት ሳይነካ ከቆየ በኋላ፣ ቢቻል ሌሊት፣ ይደገም። ከዚያ ወሰኑ ሐኪሙ ወዳዘዘው ይመለስ። ስልኩ ወይም መተግበሪያው በታደሰ ቁጥር ፈተናው ይደጋገማል፤ ቀኑንም በክትትል ካርዱ ጠርዝ ላይ ማስፈር ለሚቀጥለው ተረኛ ያግዛል። ሕመምተኛው የሚሰማው ስሜትና የስልኩ ቁጥር ካልተስማሙ፣ ሴንሰሩ የሚለካው በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ እንጂ ደሙን ስላልሆነና በደቂቃዎች ስለሚዘገይ፣ ጣት ተወግቶ ይለካ።