ክራር ለሚጠርብ እጅ

ከአራቱ ዐበይት ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን በወረሰበት በአምባሰል ምድር ዜማን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ዜማው ገና ሳይወለድ በዕፅና በቆዳ ላይ የሚደክመውን እጅ የሚያመሰግን ግን ጥቂት ስለ ሆነ፣ ይህች አጭር ውዳሴ ለገዛ ደስታው ክራር ለሚሠራ ሰው፣ ለመሮውና ለወስፌውም ትሁን።

ዋንዛ ቀላልና ለመሮ የሚታዘዝ፣ ምስጥም በቶሎ የማይደፍረው ዕፅ በመሆኑ ይመረጣል፤ ዳሩ ግን እርጥቡ በችኮላ የተቦረቦረ እንደ ሆነ ኋላ ይሰነጠቃልና፣ ብልኅ ጠራቢ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እስኪደርቅ ይታገሣል። ቅርጹን በመጥረቢያ አውጥቶ ሆዱን በመሮ ከቦረቦረ በኋላ፣ የገበቴውን ግድግዳ በጣቱ እያንኳኳ በጆሮው ይመዝነዋል። ከሥራው ሁሉ እኔ አብልጬ የማከብረው ይህን ሰዓት ነው፤ ውፍረቱ በቃ ወይም አልበቃም ብሎ የሚፈርደው ጆሮ ነውና።

ቆዳው ርሶ ሳለ በገበቴው አፍ ላይ ተወጥሮ በጠፍር ይታሰራል፤ ሲደርቅም ራሱ እየተኮማተረ ይጠብቃል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርትን ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ብራና ወጥረው የሚፍቁ ጸሐፍትም የተመራመሩት ይህንኑ የቆዳ ጠባይ ነበር፤ ስለዚህ የመጽሐፉንና የዜማውን እደ ጥበብ ዘመዳሞች ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ሁለቱ ምሰሶዎች በወስፌ በተበሳው ቆዳ አልፈው ከቀንበሩ ጋር ይጋጠማሉ፤ ጥንት ጅማት፣ ዛሬ ናይለን ወይም ሽቦ የሆኑት አምስት ወይም ስድስት አውታሮችም በቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። አዲስ ክራር ቆዳውም አውታሩም እስኪረጋ ድረስ ቅኝቱን ይለቃልና፣ ሠሪው ደጋግሞ ይቃኘዋል።