«ከተነካኩ ይበቃል»? ለሚንቀሳቀስ አሉሚኒየም አይበቃም

ስለ ግራውንድ፣ ማለትም ስለ መሬት መስመር፣ በቪዲዮም በሥዕልም የሚቀርብላችሁ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የማሽኑ ቋሚ አካል ግራውንድ ከተደረገ እሱን የነካው ሁሉ ግራውንድ ነው።» አጭር ነው፣ ቶሎ ይገባል፣ የመጀመሪያው ግማሽም ትክክል ነው። ችግሩ «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

በ220 ቮልት የሚሞቅና ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ የአሉሚኒየም ጠረጴዛ ያለው ስሪዲ ፕሪንተር አስቡ። ጠረጴዛው ከቋሚው አካል ጋር የሚገናኘው በኩሽኔታ ነው። ሲንቀሳቀስ በኳሶቹና በሐዲዱ መካከል ስስ ግራሶ ይገባል፤ ተራ ግራሶ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አሉሚኒየሙም አየር እንደነካው ጥቂት ናኖሜትር በሚሆን ኦክሳይድ ይሸፈናል። አኖዳይዝ ከተደረገማ ሽፋኑ በማይክሮሜትር የሚለካ ሁነኛ ኢንሱሌተር ነው።

«በቴስተር ስለካው ግን ጮኸልኝ» ትሉ ይሆናል። የለካችሁት እኮ የቆመ ማሽን ነው፤ ያውም በጣም ትንሽ ከረንት እያሳለፋችሁ።

አሁን የማሞቂያው ሽቦ ተልጦ ጠረጴዛውን ነካ እንበል። በኩሽኔታው በኩል ያለው ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን፣ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ይፈሳል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ስለሚያየው አይወርድም። ጠረጴዛው ግን ወደ 220 ቮልት ተጠግቶ እጃችሁን ይጠብቃል። የመንገዱ ጠቅላላ ሬዚስታንስ 1 ኦም ቢሆን ኖሮ 220 አምፔር ይፈስና ብሬከሩ ወዲያው ይቆርጥ ነበር። ማብራሪያው የዘለለው ይህንን ነው፦ ግራውንድ መነካካት ብቻ ሳይሆን፣ ብሬከሩን የሚያስወርድ ከረንት የሚያሳልፍ መንገድ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለጠረጴዛው የራሱን ሽቦ መስጠት፦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ። ማሰሪያው ቦታ ላይ ሽፋኑ ይፋቅ፤ በቲን የተለበጠ የቀለበት ተርሚናል ባለ ጥርስ ሮንዴላ ተደርጎበት በቡሎን ይጥበቅ። ባዶ መዳብ እርጥበት ባለበት አሉሚኒየምን ይበላዋልና። ሽቦው ጫፎቹ አጠገብ ይታሰር፤ መታጠፉ መሃል ላይ እንጂ ተርሚናሉ ሥር እንዳይሆን። ከዚያ ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ፣ ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እየገፉ መለካት ነው።

ቋሚ ሆነው በደንብ ለተጠበቁ ክፍሎች የድሮው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሲነግሯችሁ ግን «ሲንቀሳቀስስ?» ብላችሁ ጠይቁ።