የከሰል ጢስ በየት ይቆጠራል?

የኃይል ምንጮችን በሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያነጻጽሩ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት አንድ ሠንጠረዥ አለ። ይኸውም የአየር ንብረት ለውጥን የሚመረምረው የመንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሲመረት በድንጋይ ከሰል 820 ግራም፣ በተፈጥሮ ጋዝ 490፣ በፀሐይ 48፣ በውሃ 24፣ በነፋስ 11 ግራም ያህል ይወጣል ይላል።

ሠንጠረዡ የተከበረ ሥራ ነው፤ የምንነቅፈው አጠቃቀሙን ነው። ለውሃ የተጻፈው 24 መካከለኛው ግምት ሲሆን ዝቅተኛው 1፣ ከፍተኛው 2200 ሆኖ እዚያው ተመዝግቧል። በግድብ ሐይቅ የተዋጠ ዕፅዋት ሲበሰብስ ሚቴን ይሰጣልና። በለስ ውሃውን የሚያገኘው ከጥንት ከነበረው ከጣና ሐይቅ ነው፤ የህዳሴው ግድብ ግን ሰፊ ሸለቆ አጥለቅልቋል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር መጥራት ምርመራ ሳይሆን ቅጂ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ሠንጠረዡን ይዞ ወደ ጥርባ የሚሄድ ሰው የሚያነበው ነገር ማጣቱ ነው። በአዊ ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል እህል ይዘራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ቆርጦ አፈር አልብሶ ያከስለዋል። ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል።

የዚሁ ጉባኤ የ2006 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ለእንጨትም ለእንጨት ከሰልም በአንድ ሜጋጁል 112 ግራም ይመድባል። እኛም በመጀመሪያ ይህን ወደ ኪሎዋት ሰዓት ለውጠን 403 ግራም አገኘንና ከድንጋይ ከሰሉ 820 በግማሽ ያንሳል ብለን ደስ አለን። ስሕተት ነበር። አንደኛው በምድጃ ያለ ሙቀት፣ ሁለተኛው ከጣቢያ የወጣ ኤሌክትሪክ ነውና አይመዛዘኑም።

ሌላም ነገር አለ። ከ5 ኪሎ እንጨት 1 ኪሎ ከሰል ቢወጣ (ይህም አክሳዩ ብልህ ሲሆን ነው) ወደ ክምሩ 78 ሜጋጁል ገብቶ የሚወጣው 29.5 ብቻ ነው። አዲስ አበባ ቡና የሚያፈላው ሰው ከምድጃው 3.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። እንጨቱ በሙሉ ቢቃጠል ግን 8.7 ኪሎ ይሆን ነበር። የቀረው 5.4 ኪሎ የሚያህለው ከተማው ሳያየው እዚያው አዊ ላይ ወጥቷል፤ ከፊሉም ሚቴን ሆኖ ነው፤ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ሲመዘን 27 እጥፍ ያህል ያሞቃል። በትምህርት ቤት መኝታችን በዚህ ከሰል ስንት ጊዜ ሻይ እንዳፈላን ስናስበው አፈርን።

መመሪያው የእንጨትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኃይል ድምር አውጥቶ በመሬትና በደን መዝገብ እንዲጻፍ ያዛል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን «ዜሮ» ብለው ይተረጉሙታል። ዜሮ የሚሆነው ግን የተቆረጠው ሲተካ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሚቴኑን አዲሱ ችግኝ አይሽረውም። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ በአዊ ዲከረንስ ላይ ወርዷል። ዛፉ ደርቆ ከሰል ከሆነ በኋላ ገበሬው መልሶ ካልተከለ፣ ያ 8.7 ኪሎ በሙሉ ዕዳ ሆኖ ይጻፋል።