በራዲዮ ስለሚነዱ ትንንሽ መኪናዎች ብልሽት

በራዲዮ ሞገድ የሚነዱ ትንንሽ መኪናዎች ነገር ሲነሣ ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማው አቤቱታ አንድ ነው፤ ይኸውም «ገና ከመገዛቷ ተበላሸች» የሚል ነው። ይህን አቤቱታ የሚሰሙት ደግሞ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ «ድሮስ መጫወቻ አይደለችምን? መሰበሯ ምን ያስገርማል?» ብለው ነገሩን ያቃልሉታል። ሁለተኞቹ፣ ይልቁንም በዚህ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ያሳለፉት፣ «መሰበሯ ትምህርት ነው፤ የሚጠግን ይማራል» ብለው ጉዳቱን እንደ ጸጋ ይቈጥሩታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ፍርዶች ጎደሎ መሆናቸውን ማሳየት ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ሠሪውን ከማናቸውም ተጠያቂነት ነጻ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የሠሪውን ጥፋት በገዢው ትዕግሥት ይሸፍነዋል። መጠየቅ የሚገባው መኪናዪቱ ተሰበረች ወይስ አልተሰበረችም ተብሎ ሳይሆን፣ ስትሰበር በየት በኩል ተሰበረች፣ ስብራቷስ ይታያልን፣ ባለቤቷስ ሊጠግናት ይችላልን ተብሎ ነው።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ስለ ሆነ ጽሑፍ አያሻውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ መኪናዎች ከመጫወቻ ሜዳ አልፈው ወደ ቤተ ሙከራ ገብተዋል። በ2016 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ኤፍ ዋን ቴንዝ በሚል ስም የተጀመረው ውድድር ለዚህ ምስክር ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚህ ውድድር ተማሪዎች የእውነተኛውን መኪና አንድ ዐሥረኛ የምታህል መኪና ወስደው፣ ኮምፒዩተርና በብርሃን ጨረር ርቀትን የሚለካ መሣሪያ ጭነውባት፣ ያለ ነጂ ራሷን እንድትነዳ ያደርጋሉ። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ መኪናዪቱ ከመሥመሯ ብትወጣ ጥፋቱ የተማሪው ስሌት ነው ወይስ የላላ የመሪ ብሎን? ይህን ለይቶ ማወቅ ካልተቻለ ከሙከራው የተገኘው ውጤት ዋጋ ያጣል። ስለዚህ የብልሽት ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የዕውቀትም ጥያቄ ነው።

ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል ከቀደምቶቹ አንዷ፣ ኤሌትሮኒካ ጆካቶሊ የተባለው የኢጣሊያ ድርጅት በ1966 ያወጣት የፌራሪ 250 ኤል ኤም አምሳያ ናት። የጃፓኑ ታሚያ ደግሞ በራዲዮ የምትነዳ የመጀመሪያ መኪናውን፣ የፖርሽ 934ን አምሳያ፣ በ1976 አቀረበ። እነዚህ የተሠሩት ለለሰለሰ መሬት ነበር። በ1979 ግን ይኸው ድርጅት ሳንድ ስኮርቸር የተባለችውን የቮልስዋገን አምሳያ ሲያወጣ፣ ትንሿ መኪና ከለሰለሰው መሬት ወጥታ ወደ አሸዋና ወደ ጠጠር ገባች፤ የብልሽትም ፈተና በረታ። የዚህች መኪና ሠሪዎች ውኃና አቧራ ዋነኛ ጠላቶች መሆናቸውን አስቀድመው ስላወቁ፣ የራዲዮ መቀበያዋን ክዳኑ ጥርት ብሎ በሚያሳይ ውኃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ይህ የሚመሰገን ነው። ገላዋ ግን ደረቅና ተሰባሪ ፕላስቲክ ነበረ፤ ስለዚህ በተገለበጠች ቍጥር ምቱን የሚቀበለው ለመደርደሪያ ጌጥ የሚስማማው፣ ለግልበጣ ግን የማይመቸው ክፍል ሆነ። በአንዲት መኪና ውስጥ አስተውሎትና ቸልታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ሦስት መኪናዎች ብናነጻጽር አሳባችን ይበልጥ ይገለጣል። በ1983 የወጣችው የታሚያ ፍሮግ፣ ትርጓሜዋም እንቁራሪት፣ ከማርሽ ሣጥኗ ወደ ኋላ ጎማዎቿ ኀይል የሚያደርሱት ዘንጎች ጫፋቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ነበረ። አዲስ ሳሉ ደኅና ይሠራሉ፤ እየቈዩ ግን ማዕዘኑ ተፍቆ ይከብና ዘንጉ በመቀመጫው ውስጥ በከንቱ ይዞራል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዪቱ አትሄድም። ድርጅቱ በ2005 ይህችኑ መኪና እንደገና ሲያወጣት ዘንጎቹን በሌላ ዐይነት ለውጦ አቀረበ። ሠሪ የራሱን የቀድሞ ሥራ ሲተች ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል አያስፈልገውም።

በ1984 የወጣችው ግራስሆፐር፣ ማለት ፌንጣ፣ ለጀማሪዎች የታሰበች ናት። የኋላ ጎማዎቿ በአንድ ግትር አካል ተያይዘዋል፤ ሞተሩና የማርሽ ሣጥኑም አብረዋቸው ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ሞላዎቿ ንዝረትን የሚያበርድ ዘይት ስለሌላቸው በሸካራ መሬት ላይ እንደ ስሟ ትዘላለች። በአነዳድ ብትመዘን ደካማ ናት። ነገር ግን ክፍሎቿ ጥቂት፣ ሞተሯም ትንሽ ስለ ሆነ፣ ኀይሏ ከአካሏ ዐቅም አያልፍም። በዚያው ዓመት አሶሺዬትድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣት አር ሲ 10 ደግሞ ለውድድር የታሰበች ነበረች፤ በ1985 ጂል ሎሲ ታናሹ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህች መኪና ነው። ሻንሲዋ አሉሚኒየም፣ የጎማ ክንዶቿ ናይሎን፣ ንዝረት ማብረጃዎቿም ዘይት ያለባቸው ነበሩ። አትሰበርም ማለት አይቻልም። ቢሆንም ናይሎኑ ለምት ይለመጣል፤ ቢሰበርም ሻንሲው ሳይነካ ክንዱ ብቻ ተፈትቶ ይለወጣል። እንግዲህ ፌንጣዪቱ በትሕትናዋ፣ አር ሲ 10 በአሠራሯ ከትችት ሲያመልጡ፣ እንቁራሪቷ ግን ሁልጊዜ ኀይል በሚያልፍበት ቦታ ላይ ደካማ ክፍል በማስገባቷ ትወቀሳለች።

ክፍሎችን ከሚሰብሩት ነገሮች ዋነኛው ፍጥነት ነው። አንድ አካል ሲሄድ የሚሸከመው ጉልበት የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ክብደቷ 1.5 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሄድ 23 ጁል ያህል ትሸከማለች፤ በ40 ኪሎ ሜትር ግን ወደ 93 ጁል ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት ከድንጋይ ጋራ መጋጨት ከ6 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ በጠንካራ መሬት ላይ እንደ መውደቅ ነው። ማስታወቂያ ነጋሪዎች ግን መኪናዪቱ አንድ ዐሥረኛ ስለ ሆነች ፍጥነቷን በ10 አባዝተው 40ውን 400 ሲያደርጉት ይታያሉ። ይህ ለጆሮ ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ ለጎማ ክንዱ ግን ትርጕም የለውም፤ ክንዱ የሚሰበረው በእውነተኛው ጉልበት እንጂ በሚታሰበው አይደለምና።

በተለመዱት የቀድሞ መኪናዎች 6 የኒኬል ካድሚየም ሴሎች በአንድነት 7.2 ቮልት ይሰጡ ነበር። ካርቦን የማያስፈልጋቸው ሞተሮችና የሊቲየም ፖሊመር ባትሪዎች ከመጡ ወዲህ ግን የሚገኘው ኀይል እጅግ በዝቷል። ባለቤቱ በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ሞተር ሲያስገባ ደካማውን ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። መጀመሪያ የፕላስቲኩ ጥርስ ይበላል፤ ጥርሱን በብረት ሲለውጥ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል፤ ያንን ሲያጠነክር ዘንጉ ይጠመዘዛል። እንዲሁም የፕላስቲክ ክንድ ተሰበረብኝ ብሎ በአሉሚኒየም የሚለውጥ ሰው አይታጣም። ፕላስቲኩ እየተለመጠ ምቱን በከፊል ያበርድ ነበር፤ ብረቱ ግን ምቱን እንዳለ ወደ ውስጥ ያስተላልፈዋል። በዚህ ጊዜ የሚሰነጠቀው ርካሹ ክንድ መሆኑ ይቀርና ክንዱ የታሰረበት ውዱ አካል ይሆናል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ጥሩ ሠሪ እንግዲህ «ምኑም አይሰበር» አይልም፤ «መስጠት ያለበት ይህ ይስጥ» ብሎ አስቀድሞ ይመርጣል። በቤታችን ያለው ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። በእነዚህ መኪናዎችም በሰርቮውና በፊት ጎማዎቹ መካከል የምትገባ ሞላ ያላት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ እርሷ ትለቅለትና የሰርቮው ደቃቅ ጥርሶች ከመርገፍ ይድናሉ። ይህችን ክፍል ለዋጋ ብሎ የሚያስቀር ሠሪ በጥቂት ሳንቲም ትርፍ የገዢውን ሰርቮ አሳልፎ ይሰጣል።

የሚታየው ስብራት ግን ቀላሉ ነው፤ የሚያስቸግረው የማይታየው ነው። መኪናዪቱ በድንገት ተንቀጠቀጠች፣ ትእዛዝም አልሰማ አለች እንበል። ባለቤቱ ወዲያው ራዲዮውን ይወቅሳል። በ27 ሜጋኸርትዝ ይሠሩ በነበሩት የቀድሞ ራዲዮዎች ዘመን ይህ ወቀሳ ምክንያት ነበረው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዐይነት ክሪስታል ይዘው በአንድ ሜዳ ከተገናኙ አንዱ የሌላውን መኪና ያውክ ነበርና። በ2000ዎቹ ዓመታት በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩ፣ ማስተላለፊያውና መቀበያው አስቀድመው የሚጣመሩባቸው መሣሪያዎች ሲመጡ ይህ መተራመስ በአብዛኛው ቀረ። ምልክቱ ግን አልቀረም፤ ሌሎችም ምክንያቶች አሉትና። ካርቦን ያለው ሞተር ሲዞር በካርቦኑና በመዳቡ መካከል ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታውም ራሱ የራዲዮ ረብሻ ያሠራጫል። ይህን ለማፈን በሞተሩ አካል ላይ ትንንሽ ካፓሲተሮች በስታኞ ይያያዛሉ። ከእነርሱ አንዱ በንዝረት ቢነቀል መኪናዪቱ ልትታወክ ትችላለች። እንደዚሁም ባትሪው በደከመ ጊዜ፣ ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ በሚስብበት ቅጽበት ቮልቱ ይወርድና መቀበያው ለአፍታ ይጠፋል፤ ይህም ራዲዮው የተቋረጠ ያስመስለዋል። የሊቲየም ፖሊመር ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። ስለዚህ ይህን ለመከላከል የተሠራው የፍጥነት መቈጣጠሪያ ኀይሉን በገዛ እጁ ሲቀንስ፣ ያላወቀ ሰው መኪናዪቱ ተበላሸች ይላል።

ይህን ሁሉ ሳይለዩ አዲስ ራዲዮ መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። መንገዱ ግን ከባድ አይደለም፦ መጀመሪያ በሙሉ ባትሪ መሞከር፤ ቀጥሎ ሞተሩን አላቅቆ መሪው ብቻውን በደኅና መሥራቱን ማየት፤ ከዚያም ሞተሩን መልሶ፣ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥቶ ማዞር፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አለመለወጥ። ይህ በማናቸውም ቤተ ሙከራ የሚሠራበት ሥርዐት ነው። ነገር ግን ሥርዐቱ የሚሠራው ክፍሎቹ ተለያይተው ሊፈተኑ ሲችሉ ብቻ ነው።

የርካሾቹ መጫወቻ መኪናዎች ትልቁ ነውር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ መቀበያው፣ የሞተሩ መቈጣጠሪያና የመሪው መቈጣጠሪያ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ተጣብቀዋል። አንዲት ትራንዚስተር ስትቃጠል ሦስቱም አብረው ሊሞቱ ይችላሉ። የማርሽ ሣጥኑ ተዘግቷል፤ የአንዱ ጥርስ መለዋወጫ ለብቻው አይሸጥም። እርግጥ አንዳንዱ ብልሽት ለእነዚህም ቢሆን መድኀኒት አለው። ለምሳሌ የባትሪ ድንጋዩ በውስጧ ተረስቶ ቢያፈስና በብረቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ቢሠራ፣ ድንጋዩን አውጥቶ በጥቂት ኮምጣጤ ጠርጎ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ያድናታል። ከዚህ ካለፈ ግን ባለቤቱ ብልሃት ቢኖረው እንኳ ብልሃቱን የሚያሳይበት ቦታ አልተተወለትም። እንዲህ ያለችውን መኪና «በመሰበሯ ታስተምራለች» ማለት የተቈለፈ መጽሐፍ ያስተምራል እንደ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ተፈትተው የሚገጠሙት መኪናዎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ለሁሉም አይደርሱም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ዋጋ የሚመዘነው በመግዣው ቀን ብቻ አይደለም። በአንድ ክንድ መሰበር ሁለንተናዋ የምትጣል መኪና ርካሽ አይደለችም። ደግሞም ጥፋቱ ሁሉ የሠሪው ነው አንልም፤ አቧራ የበላውን ኩሽኔታ ሳያጸዳ፣ የላላውን ብሎን ሳያጠብቅ በየቀኑ የሚያስሮጥ ባለቤት የድርሻውን መውሰድ አለበት። ይሁን እንጂ ባለቤት በጥንቃቄ ጕድለት ሊወቀስ የሚገባው የሚጠነቀቅበት መንገድ ሲሰጠው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለች መኪና ለልጁ የሚገዛ ወላጅም ሆነ ለተማሪዎቹ ሙከራ የሚመርጥ መምህር፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይበጃል፦ የእያንዳንዱ ክፍል ሥዕልና ቍጥር ያለበት መጽሔት አብሯት መምጣቱን፤ የጎማ ክንዷና ጥርሷ ለየብቻው በገበያ መገኘቱን፤ መቀበያዋ፣ ሰርቮዋና የፍጥነት መቈጣጠሪያዋ ተለያይተው መፈተን መቻላቸውን። እነዚህን የምታሟላዋም መኪና መሰበሯ አይቀርም፤ ነገር ግን በማግስቱ ባለቤቷ ካቻቢቴውን ይዞ የትኛውን ብሎን እንደሚፈታ ያውቃል።