የኬላው መዝገብና የገበያው ቀን፦ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ከትንሹ ከተማ ሆኖ ማንበብ

በስደት በሚኖር ኢትዮጵያዊ ምሁር መደርደሪያ ላይ ከሚገኙት ጥቂት የአማርኛ መጻሕፍት አንዱ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ደራሲው በ1919 ገና በጎልማሳነታቸው ካረፉ በኋላ መጽሐፉ በ1924 በአዲስ አበባ ታተመ፤ በ1995 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደን ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በየጉባኤያችን የሀገራችን ድህነት ምክንያቱ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የነጋድራስ ስም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይገባቸዋልም። ሆኖም ሲወደሱ እንጂ ሲመረመሩ እምብዛም አንሰማም። ደራሲን ማክበር ቃሉን መመርመርንም ይጨምራል ብለን ስለምናምን፣ መጽሐፉ ስለ ንግድ የሚናገረውን በአንድ በኩል ብቻ፣ ማለትም ከትንሽ ከተማ የገበያ ሜዳ ሆነን ልንመለከተው አስበናል።

አስቀድመን ልናስረዳ የምንፈልገው የክርክራችንን ፍሬ ነገር ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ንግድን ያዩት ከኬላው በር ቆመው ነው። ወደ ሀገር የሚገባው ዕቃ፣ ከሀገር የሚወጣው ዕቃ፣ በመካከሉም የሚሰበሰበው ቀረጥ በግልጽ ታይቷቸዋል። ኬላውን ሳያልፍ በሳምንታዊ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ንግድ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ይህ ጉድለት በእርሳቸው ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የተነሣነው ምሁራንም ያንኑ አተያይ ወርሰናል፤ ውርሱም ሀገራችንን ዋጋ አስከፍሏታል።

የደራሲው ታላቅነት የት ላይ እንደሆነ በቅድሚያ እንመስክር። የሀብት ምንጭ የሰው ሥራ መሆኑን፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከጎደለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ትርፉ ወደ ዐዋቂው እንደሚያደላ፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሀገር ራሱን እንደማይችል በአማርኛ አብራርተው ጽፈዋል። የገንዘቡ ዓይነት መብዛት፣ የየኬላው ቀረጥ መደራረብ፣ ቁጥርን መዝግቦ የመያዝ ልማድ አለመኖር በንግድ ላይ ያደረሰውን ጉዳት አሳይተዋል። የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ብቻውን ሀገርን እንደማያበለጽግም ተረድተው ነበር። ከእነዚህ ሐሳቦች አንዳንዶቹ በሌሎች አህጉራት ሊቃውንት ዘንድ ሰፊ የክርክር ርእስ የሆኑት ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ነገር ግን ማንኛውም ጸሐፊ የሚያየው ከቆመበት ቦታ ነው። ነጋድራስ ትምህርታቸውን የቀሰሙት በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ሀገር ነበር፤ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላም በባቡሩ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው አገልግለዋል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ሲደርስባት የተቆረቆረች፣ ቀዚራና መጋላ ተብላ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች አዲስ ከተማ ነበረች። በዚያ ለተቀመጠ የጉምሩክ ሹም ንግድ ማለት በፉርጎ የሚጫነው ቡናና ቆዳ፣ ከፉርጎ የሚወርደውም አቡጀዲ ነው። ባለሥልጣኑ በየዕለቱ በመዝገቡ የሚያየው ይህንኑ ነበርና አንፈርድባቸውም።

አሁን ዓይናችንን ከምሥራቁ የባቡር ከተማ ወደ ምዕራቡ ጫፍ፣ ወደ ጎሬ እናዙር። ጎሬን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ይህች የኢሉባቦር ከተማ እንደ ድሬዳዋ ሁሉ ከውጭ ንግድ ጋር የተሳሰረች ነበረች። በ1902 ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ስለተፈቀደላቸው ጋምቤላ በ1904 ተከፈተች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት ጀልባዎች ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡናና ሰም ጭነው ይመለሱ ነበር። በ1906 ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞችም አንዷ ጎሬ ናት። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህንን የምዕራብ ድንበር ግንኙነት በሰፊው መርምሮታል። እንግዲህ ጎሬ ኬላም ገበያም ያላት ከተማ ስለሆነች ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ለማየት ታመቻለች።

ከኬላው በኩል ሲታይ የጎሬ ንግድ ወቅታዊ ነው፤ ባሮ ሲሞላ ይሞቃል፣ ሲጎድል ይቀዘቅዛል። ከገበያው በኩል ሲታይ ግን ንግዱ በየሳምንቱ ነው። እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ የአካባቢው መንደሮች የየራሳቸው የገበያ ቀን አላቸው፤ ቀኖቹ ሆን ተብለው የተፈራረቁ በመሆናቸው ቸርቻሪው ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ እያለ ሳምንቱን ያዳርሳል። እህሉ በቁናና በእንቅብ ይሰፈራል፣ ጨርቁ በክንድ ይለካል፣ ቡናው በፈረሱላ ይመዘናል። አዋጅ የሚነገረውም፣ ጠብ የሚታረቀውም፣ የሩቅ ዘመድ ወሬ የሚሰማውም በገበያ ቀን ነው። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ በቀረጥ መዝገብ ላይ ቢሰፍር እንኳ የሚታየው እንደ አንዲት መስመር የገበያ ግብር ነው።

የገንዘቡን ነገር እንውሰድ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የገንዘብ ዓይነት መብዛት ንግድን ያሰናክላል ሲሉ በሀገር አቀፍ ደረጃ ትክክል ነበሩ። በትንሹ ከተማ ገበያ ግን ብዛቱ የራሱ ሥርዓት ነበረው። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ለበቅሎ፣ ለሰንጋና ለጅምላ ቡና መግዣ ይሆን ነበር እንጂ በርበሬ ለሚገዛ ሰው አይመችም። ለዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበረ፤ በደቡብና በምዕራብ ብዙ ቦታ ደግሞ የጠመንጃ ጥይትም ለመገበያያ ያገለግል ነበር። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ አንድ ጠገራ ብር በስንት አሞሌ እንደሚመነዘር ማወቅ የመንገዱን ርቀትና የወቅቱን ሁኔታ ማወቅ ነው። ዐፄ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ ያሳተሙት ብር በየክፍለ ሀገሩ የማርያ ቴሬዛን ብር ሊያስለቅቅ አልቻለም። ገበሬው የንግሥቲቱን ጌጥ በጣቱ እየዳሰሰ፣ የብሩን ድምፅ እያዳመጠ የሚቀበለው ባለማወቅ ሳይሆን፣ የሚቀጥለው ሰው እንደሚቀበለው እርግጠኛ ለመሆን ነው። ደራሲው «ዕውቀት የጎደለው» ከሚሉት ሕዝብ መካከል እንዲህ ያለ ዕውቀት መኖሩን መጽሐፋቸው አይመዘግብም።

ሁለተኛው ነጥብ ነጋዴው ማን ነው የሚለው ነው። በየጽሑፉ የምናገኘው የግሪክና የሶርያ ነጋዴ፣ የሕንድና የዐረብ ሱቅ፣ የሲራራ ቅፍለት ነው። ከዚህም የተነሣ «ኢትዮጵያዊው ሥራው እርሻና ጦርነት እንጂ ንግድ አያውቅም» የሚለው አባባል እንደ ተረጋገጠ ነገር ይደጋገማል። ይህ አባባል በክርስቲያኑ ሀገር ርስት ተነፍጎት በንግድ የተሰማራውን ጀበርቲ ከኢትዮጵያዊነት ውጭ ያደርገዋል። ሴቶችንም ፈጽሞ ይረሳል። በጉልት ቅቤ፣ በርበሬና ጌሾ የምትቸረችር፣ ጥጥ ፈትላ ድሩን ለሸማኔ የምትሸጥ፣ ጠላና ጠጅ ጥላ መንገደኛን የምታስተናግድ ሴት የከተማይቱ ንግድ ምሰሶ ነበረች። ቡናውን ከጎሬ ደጋ ወደ ጋምቤላ ቆላ በጫንቃው የሚያወርደው ተሸካሚም አለ። በ1900 ዓ.ም. (1908) ዐፄ ምኒልክ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያስረዳል። እኛ ምሁራን አዋጁን በደስታ እንጠቅሳለን፤ ነገር ግን የተሰደበውን ሰው በጽሑፋችን ውስጥ ሳናስገባው ስንቀር ስድቡን በዝምታ እንቀጥለዋለን።

ይህን ስንል ገበያውን የፍቅርና የእኩልነት ሜዳ አድርገን ለመሳል አይደለም። ወደ ጎሬ ከሚመጣው ቡና ከፊሉ የገባሩ ግብር ነበር፤ ገበሬው ተደስቶ የሸጠው አልነበረም። በዚያ አካባቢ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ የባሪያ ንግድ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነችና በ1924 አዋጅ ከወጣ በኋላም ወዲያው አልጠፋም። የገበያን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን መሸፈን አይገባውም። እንዲያውም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የአምራቹን ድካም ባለ ጠመንጃው ይበላዋል በማለት ያቀረቡት ክስ በጎሬ ዓይነት ከተማ ይበልጥ ይጠናከራል።

ሦስተኛው ነጥብ ደራሲው ከተሸከሙት ማዕረግ ይነሣል። ነጋድራስ ማለት በቃሉ ትርጉም የነጋዴዎች አለቃ ነው። ቀድሞ የሲራራው መሪ፣ ነጋዴውን ወክሎ ከየአገሩ ገዥ ጋር የሚደራደር ሰው ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ግን ነጋድራስ የመንግሥት ሹም፣ ገበያውን የሚዳኝና ቀረጡን የሚያስገባ ባለሥልጣን ሆነ። ፒተር ጋሬትሰን ይህንን ለውጥ በጥሩ ሁኔታ አጥንተውታል። እኛ የምንጨምረው አስተያየት ይህ ነው፦ ማዕረጉ ከነጋዴው ወገን ወደ ኬላው ወገን ሲሻገር የንግድ ዕውቀትም አብሮ ተሻግሯል። ስለ ንግድ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ቀራጩ የሚጽፈው ሆነ። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የግብርና የሥርዓት ውድ ሀብት ነው፤ የሪቻርድ ፓንክረስት የ1968 የኢኮኖሚ ታሪክም ከመንገደኞችና ከቆንስሎች ጽሑፍ ብዙ ነገር ለቅሞ አኑሮልናል። ሁለቱንም አመስግነን፣ በሁለቱም ውስጥ የቸርቻሪዋ ድምፅ የሚሰማው በሌላ ሰው አፍ መሆኑን ግን ልብ ማለት አለብን።

«ታዲያ ይህ የታሪክ ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው፤ ለሀገር ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን ቅርብ ጊዜ የተፈጸመ ነገር ነው። በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ኮታ እየመደበ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህል ሲሰበስብ፣ የግል ነጋዴው እህልን ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳያዘዋውር በየመንገዱ ኬላ ተተከለ። ሥርዓቱ የተነሣው በመጋቢት 1990 ነው። ያን ፖሊሲ የነደፉት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ነጋዴ ማለት ሳይሠራ የሚበላ በዝባዥ ነው፤ ገበያ ማለትም ኬላ የሚቆጣጠረው የዕቃ ጉዞ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከተረፈው አካባቢ ወደ ጎደለው እህል የምታደርሰው የሳምንቱ ገበያ ሰንሰለት በትምህርታቸው ውስጥ አልነበረችም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የኬላን መደራረብ የነቀፉ ሰው ናቸውና ይህንን ያጸድቁ ነበር አንልም። እኛ ግን ከመጽሐፋቸው ለመንግሥት የሚመክረውን ክፍል ይዘን፣ ኬላን የሚነቅፈውን ክፍል ረሳነው።

የጉልት ንግድ ብቻውን ሀገር አያሳድግም የሚለውን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን። ቡና በባሮ ወርዶ አቡጀዲ በባሮ ሲወጣ፣ የጎሬ ሸማኔ ምን ያህል ብልህ ቢሆን ከፋብሪካ ጨርቅ ጋር ሊወዳደር አይችልም ነበር። ደራሲው ያነሡት የተዛባ ልውውጥ ጥያቄ ዛሬም አልተመለሰም። ነገር ግን ሸማኔው፣ ፈታይዋና ቸርቻሪዋ ምን ያውቁ እንደነበር ሳይጠይቅ ዕውቀትን ሁሉ ከውጭ ለማስመጣት የሚነሣ ምክር፣ የሚረዳውን ሕዝብ አስቀድሞ ባዶ እጁን አድርጎ ይቆጥረዋል።

ስደት ይህን ለእኛ ያስተማረን በግድ ነው። ብዙዎቻችን በዲግሪያችን ሥራ ሳናገኝ ታክሲ ነድተናል፣ መኪና ማቆሚያ ጠብቀናል። እንጀራ ጋግረው በየሱቁ የሚያከፋፍሉት፣ በርበሬ የሚያስመጡት፣ ዕቁብ ሰብስበው ቤት የሚያስገዙት ግን በአብዛኛው እኛ «ያልተማሩ» እንላቸው የነበሩት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት የማኅበራችን ጉባኤ ሲካሄድ ምሳውን የሚያቀርቡት እነርሱ ናቸው፤ በመርሐ ግብሩ ላይ ግን ስማቸው አይሰፍርም።

ስለዚህ ጽሑፋችንን በአንድ ተግባራዊ ሐሳብ እንደመድማለን። በብዙ አንባብያን ቤት የአያት ወይም የቅድመ አያት የንግድ ወረቀት አለ፤ የውል ደብዳቤ፣ የብድር ማስታወሻ፣ የቡና ሂሳብ የተጻፈበት ደብተር። ዋጋ ቢስ ነው ተብሎ ይጣላል። የማኅበራችን አባላት የእነዚህን ወረቀቶች ፎቶ እያነሡ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ቢልኩ፣ አያቶቻቸው ስለ ገበያ ቀን ይነግሯቸው የነበረውን ጽፈው ቢያያይዙ፣ የሚቀጥለው ትውልድ የነጋድራስን መጽሐፍ የሚያነብበት ሌላ መዝገብ ይኖረዋል።