ፈጠራ፣ ጠይብና ተራ፦ በሥራ ቦታ አዲስ ሐሳብን ስለ ማበረታታት የቀረበ ትችት

«ሠራተኛው የፈጠራ ችሎታውን ያሳይ» የሚለው ምክር በየመሥሪያ ቤቱና በየስብሰባው የተለመደ ሆኗል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው እንላለን። ብዙ ጊዜ ሠራተኛው አዲስ ነገር የማያወጣው ብልሃት አጥቶ አይደለም፤ ብልሃቱን ባወጣ ጊዜ የሚደርስበትን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው እንጂ። ይህንንም ለማስረዳት ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን ዳባትንና ደባርቅን እንመለከታለን። መንገዳችንም ሦስት ቃላትን መመርመር ነው።

የመጀመሪያው ቃል «ፈጠራ» ራሱ ነው። በቋንቋችን ፈጣሪ ሲባል እግዚአብሔር ነው። ሰው «ፈጥሮ ተናገረ» ሲባል ግን ዋሸ ማለት ነው። አንዱ ቃል ከፍ ሲል ለአምላክ፣ ዝቅ ሲል ለሐሰት ይነገራል፤ በመካከሉ ላለው ለሰው እጅ ሥራ የተተወለት ስፍራ ጠባብ ነው። አዲስ ነገር ያመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠረጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ቃል «ጠይብ» ነው። ጠይብና ጠቢብ የአንድ ሥር ቃላት ናቸው፤ ሆኖም አንዱ መወደሻ፣ ሁለተኛው መሰደቢያ ሆኗል። በደጋው አገር ገብሱም ሆነ ስንዴው ያለ ማረሻ አይዘራም። ማረሻውን የሚያወጣው ቀጥቃጩ ነው። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ገዝቶ፣ በከሰል አግሎ፣ ቀጥቅጦና አሹሎ ለሞፈሩ የሚስማማ ብረት ያደርገዋል። ለጭነት መኪና የተሠራው ብረት ለበሬ እርሻ እንዲውል ማሰብ ፈጠራ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ይሁን እንጂ ይህ ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ሲፈራና ሲናቅ ኖሯል። በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎችም ዕጣቸው ይኸው ነበር፤ እጃቸው ይፈለጋል፣ ማዕዳቸው ይሸሻል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመቶች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ገበሬው ያጣው ጎረቤቱን ብቻ አልነበረም፤ የማረሻውንና የምጣዱንም ባለሙያ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው፣ ተሳዳቢው እንዲታሰር አዘዋል። አዋጁ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ስድቡ ከሰው አፍ ፈጽሞ አልጠፋም። አዋጅ ምላስን ሊያስር ይችል ይሆናል፤ ልብን ለመፍታት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ትእዛዝ ብቻውን እንደማይበቃ ሌላም ምስክር አለ። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ በሰሜን፣ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ነው። ኋላም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ፤ አገሬው ወጣትም ሙያውን እንዲማር ፈለጉ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ በዚያ ተሠራ፤ ዛሬም በመቅደላ አለ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ከአገር ወጡ፤ ጋፋትም በዚያው ቀረ። ትእዛዝ አንድ ትልቅ ነገር ሊያሠራ ይችላል፤ ትእዛዙ ሲቀር ሥራውን የሚቀጥል ሠራተኛ ግን አያፈራም።

ሦስተኛው ቃል «ተራ» ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚውና ባለ በቅሎው ሥራውን በተራ የሚካፈሉበት ልማድ አለ። ይህ ልማድ ፍትሕ አለው። ዘመድ ያለው ሁሉን እንዳይጠቀልል፣ አንድ በቅሎ ብቻ ያለው ድኻም እንዳይቀር ያደርጋል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እንግዳው በቀነሰበት ጊዜም የተራው ጥቅም ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ ተራው ይፍረስ አንልም።

ሆኖም ቃሉ ሁለት ትርጕም እንዳለው እናስተውል፤ ተራ ማለት ወረፋም ነው፣ ከሌላው የማይለይ ማለትም ነው። የዋልያውንና የጭላዳውን ጠባይ፣ የጅብራውን ዕድገት ለብዙ ዓመት ያጠና አስጎብኚና የተማረውን ብቻ የሚደግም አስጎብኚ እኩል ወረፋ ጠብቀው እኩል ከተከፈላቸው፣ ትጉሁ ለምን ይደክማል? ወረፋው እንጀራን ያካፍል ዘንድ የተሠራ ነው፤ ሰውን ተራ ለማድረግ መሆን የለበትም።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው። ተራው ለዕለት እንጀራ ይቆይ፤ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ዕውቀት ወይም የተሻለ የበቅሎ ጭነት ዘዴ ያመጣው ግን ስሙ ይጠራ፣ ከማኅበሩ ገቢም ድርሻ ይሰጠው። ቀጥቃጩም በሙያው ስም ሳይሆን በክርስትና ወይም በአባቱ ስም ይጠራ፤ ለሠራውም ተገቢው ዋጋ ይከፈለው። ሞክሮ የተሳሳተ አይዘበትበት። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት በአገራችን ሲቋቋም ከጃፓን የተወሰደው ዋና ትምህርት፣ ሥራው የሚሻሻለው ከሠሪው ከራሱ በሚወጣ አሳብ ነው የሚል ነው። አሳቡ ግን በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከቀረና ሠራተኛው ለሰጠው አስተያየት መልስ ካላገኘ፣ ከአዋጁ የተለየ ዕድል አይኖረውም።

ትችቱን ከራሳችን ሳናደርስ ብንጨርስ ግብዝነት ይሆንብናል። በክፍላችን ውስጥ ከመምህሩ ማስታወሻ ወጣ ያለ መልስ የሚጽፍ ተማሪ ስንቱ ነው? ጻፈስ ከጓደኞቹ ሳቅ፣ ከፈተናውም ማርክ ይተርፋል? ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ የምንቀመጠው እኛው ነን። በትምህርት ቤት ተራ መሆንን የለመደ ሰው፣ አለቃ በሆነ ጊዜ ጠቢቡን ጠይብ ከማለት አይመለስም።