ዘለን ያለፍነው ቁጥር

ከትንቢተ ዕንባቆም ምዕራፍ 3 አንድ ቁጥር በቃላችሁ በሉ ብትባሉ አብዛኞቻችሁ የምትሉት 18ኛውን ነው፤ በእግዚአብሔር ደስ ስለ መሰኘት የሚናገረውን። በምስክርነታችን የሚጠቀሰው እሱ ነው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም እሱ ነው። 17ኛውን እንዘለዋለን። እኔም ለዓመታት ዘልየዋለሁ። እንሰታቸው በአጠውልግ በሽታ ወዳለቀባቸው አንድ ቤተሰብ ለጸሎት ሄጄ 18ኛውን ብቻ አንብቤ ተመለስኩ። የቤቱ እናት በአክብሮት አሜን አሉኝ። ዓይናቸው ግን ከጓሮው አልተነሣም።

እስቲ ዛሬ ምዕራፉን እንደ መዝሙር አብረን እናንብበው፤ መዝሙርም ነውና። ማለቂያው ላይ ለመዘምራን አለቃ፣ በአውታር መሣሪያ የሚዘመር መሆኑ ተጽፎበታል። ዘማሪው ከለዳውያን እንደሚመጡ ያውቃል። 16ኛው ቁጥር ላይ ሆዱ ይሸበራል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ አጥንቱ የነቀዘ ያህል ይሰማዋል። እንዲህ ፈርቶ እያለ ነው መቁጠር የሚጀምረው፦ በለስ፣ ወይን፣ ወይራ፣ እርሻ፣ በጎች፣ ከብቶች። ስድስት ናቸው። “ብዙ ነገር ቢጎድልብኝም” ብሎ በጅምላ አላለፋቸውም። ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። በለስና ወይን ቢቀሩ ሰው ይኖራል። ዘይት ሲቀር ቤት ይጎዳል። እርሻው እህል ካልሰጠ ረኀብ ነው፤ ጋጣው ባዶ ከሆነ ደግሞ ተሽጦ ክፉ ቀን የሚያሳልፍ ነገር የለም።

“ግን” የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያ “ግን” የሚከብደው ስድስቱን ተሸክሞ ስለሚመጣ ነው። እኛ ስድስቱን ቆርጠን ጥለን “ግን”ን ብቻ ስንዘምር ምኑን ነው የምንቃወመው?

ደግሞም ነቢዩ ስለ ደረቀው በለስ አመሰግንሃለሁ አላለም። ደስታው በአምላኩ ነው፤ ድርቁ ድርቅ ሆኖ ይቀራል። በየጉባኤው “ላጣሁትም ጭምር ተመስገን” የሚል ምስክርነት ስሰማ ተናጋሪው ከልቡ ይሁን፣ ወይስ ከእሱ የሚጠበቀውን እየተናገረ ይሁን መለየት ያቅተኛል። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። መዝሙሮቹ ዛሬም ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሚዘመሩት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ መከራውን አሳንሰው ስለማያልፉ ነው።

የወጣቶች ፕሮግራም ላይ የሚነበቡት የምስጋና ግጥሞቻችን ግን “ስለ ሁሉም ነገር” ያመሰግናሉ። ቡሌ ይጻፉ አዲስ አበባ አይታወቅም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ብሎናል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ያን መልክዓ ምድር የሠራው እንሰት ለመድረስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ሲጠወልግም የእነዚያ ዓመታት ድካም አብሮ እንደሚሄድ የሚናገር አንድ ግጥም አላየሁም። የጓሮውን ሐዘን ያልጠራ፣ የጓሮውን በረከትም ሲጠራ አልሰማሁትም።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ለቡድናችን ሥራ ሰጠሁ፦ የራሳችሁን 17ኛ ቁጥር ጻፉ፤ ማታ በቤተሰብ ጸሎት ላይም አንብቡት። ብዙዎቹ ደህና ጻፉ። ገብሱን ውርጭ የመታበት አለ፤ በግ የተሸጠበት የትምህርት ቤት ወጪ አለ፤ ወደ ይርጋጨፌ ለቡና ለቀማ ወርዶ ደመወዙ የቀረበት አለ። የአንዲት እኅት ግን ከሁሉ አጭር ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ስለወጣውና ከዚያ ወዲህ ስላልደወለው ወንድሟ።

እቤታቸው ስታነበው አባቷ ዝም አሉ፤ እናቷ አለቀሱ። በዚያ ቤት ጸሎት በየማታው ይጸለያል፤ ለእንጀራውም ለጤናውም ይመሰገናል። የልጁ ስም ግን ከሄደ ጀምሮ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ምሽት አባቷ ስሙን ጠርተው ጸለዩ፤ ከዚያም በሚገርም ሁኔታ አንድ በአንድ ማመስገን ጀመሩ፦ ልጁ ከመሄዱ በፊት ስለጠገነው በር፣ በእጁ ስለተከለው እንሰት።

ግጥሙ ራሱ እንደ ግጥም ግማሹ ብቻ ጥሩ ነው፤ ይህን ለራሷም ነግሬያታለሁ። ከ“ግን” በኋላ ያለው ከታወቀ መዝሙር የተወሰደ ነበር፤ የእሷ ድምፅ አልነበረም። ወረቀቱን መልሼ የራስሽን 18ኛ ቁጥር ጻፊ አልኳት። እሺ ጋሼ አለችኝ።

እስካሁን አላመጣችውም። እኔም አልጠየቅኳትም።